በኪሎ የሚሸጥ ግጥም

በ1963 ዓ.ም. የሰሎሞን ዴሬሳ «ልጅነት» ታተመ። በ1966 ዓ.ም. የጸጋዬ ገብረመድኅን «እሳት ወይ አበባ» ወጣ። የግጥም ወዳጅ የሆነ ሁሉ እነዚህን ዓመታት ያውቃቸዋል፤ የመጀመሪያው እትም እጁ የገባለት ሰው መጽሐፉን በጋዜጣ ለብዶ፣ ለገዛ ወንድሙ እንኳ አላውስም ብሎ ያስቀምጠዋል። እሰየው፤ ይገባዋል። በእነዚያው ዓመታት፣ በዚያችው አዲስ አበባ፣ ስንዝር በማትሞላ ጥቁር ክብ ላይ ታትሞ በየከተማው ይበተን የነበረው ግጥም ግን በብዛቱ ከሁለቱ መጻሕፍት ቢበልጥ እንጂ የሚያንስ አልነበረም። እሱን ዛሬ የት እንደምታገኙት ልንገራችሁ፦ ከተሰነጠቀ ጀሪካንና ከአሮጌ ሸራ ጫማ ጋር፣ በቁራሌው ጆንያ ውስጥ፣ በኪሎ።

ባለ 45 ዙሯን ትንሿን ሸክላ ማለቴ ነው። በአንድ ፊቷ አንድ ዘፈን፣ በሌላው ፊቷ ሌላ ዘፈን፤ እያንዳንዱ ሦስት፣ ቢበዛ አራት ደቂቃ ቢሆን ነው። መሃሏ ላይ በተለጠፈው ክብ ወረቀት የዘፋኙንና የዘፈኑን ስም ትናገራለች። ይህች ነገር የሙዚቃ ሰዎች ጉዳይ ብቻ ተደርጋ መቆጠሯ ያንገበግበኛል። እኔ የምለው፣ ሸክላዋ መጽሐፍ ናት። አሳታሚ ነበራት። የምትወጣበት ቀን ይጠበቅ ነበር። ገዝቶ ቤቱ የሚያኖራት፣ ስሙን የሚጽፍባት፣ ለጎረቤት የሚያውሳት፣ አልመለሰልኝም ብሎ የሚኳረፍባት አንባቢም ነበራት፤ የሚያነበው በጆሮው መሆኑ ነው ልዩነቱ። አብዛኛው ሰው ፊደል ባልቆጠረባት በዚያን ጊዜዋ ኢትዮጵያ፣ መጽሐፍ የማይደርስበት ቤት ሸክላ ይደርስ እንደነበር የዘነጋ የሥነ ጽሑፍ ታሪክ፣ ለእኔ የተማረው ሰው የመደርደሪያ ታሪክ ነው።

ስሙን ራሱን እዩት። ገንቦውም ሸክላ፣ ጀበናውም ሸክላ፣ ዘፈኑም ሸክላ። የቀደሙት ባለ 78 ዙሮች ከእጅ ካመለጡ እንደ ገንቦ ይከሰከሱ ስለነበር ስሙ ልክ ነበር። (ዲስኮቹ ይሠሩበት የነበረው ሙጫ በፈረንጅኛ «ሼላክ» መባሉም የሚገርም መገጣጠም ነው፤ የቃላትን ምንጭ የሚያጠኑ ይከራከሩበት።) ባለ 45ቷ ከፕላስቲክ የተሠራች ናትና እንደዚያ በቀላሉ አትሰበርም፤ ትጣመማለች እንጂ። የእኛ የስምጥ ሸለቆ ፀሐይ ደግሞ ለማጣመም የተፈጠረ ነው። ተነባብረው በቆርቆሮ ግድግዳ ሥር አንድ በጋ የከረሙ ሸክላዎች ጠርዛቸው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተገልብጦ ይገኛል።

ሸክላንና ግጥምን አንድ ያደረግሁት እኔ አይደለሁም። ድምፁን በሸክላ በማስቀረጽ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ እየተባሉ የሚጠሩት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ፣ የስፖርቱ ሰው የይድነቃቸው ተሰማ አባት፣ ከሁሉ በፊት ገጣሚ ነበሩ። ከመቶ ዓመት በፊት ጀርመን ሀገር ሄደው ማሽኑ ፊት የቆሙት ግጥማቸውን ይዘው ነው። ከእሳቸው በኋላ ነገሩ ወደ መንግሥት እጅ ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ1948 በወጣ ድንጋጌ ሸክላ የማስገባትና የማሳተም ብቸኛ መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ተሰጠ። ይህን አጥር የጣሰው ገና በሃያዎቹ ዕድሜ የነበረው ወጣት ነጋዴ ዓምሃ እሸቴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ፈቃድ ሳይጠይቅ የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ አሳተመ። ዘፈኖቹ አዲስ አበባ ይቀረጹና ቅጂው ህንድ ሀገር፣ በኋላም ሊባኖስ ተላልኮ ታትሞ ይመጣ ነበር። እስከ 1975 ድረስ ከ100 የሚበልጡ ትንንሽ ሸክላዎችና 12 ትልልቆች በስሙ ወጡ። ፊሊፕስም ያሳትም ነበር፤ አሊ ታንጎ እየተባለ የሚታወቀው አሊ አብደላ ካይፋም ተከተለ። እስቲ አስሉት፦ የዓምሃ ብቻ ከ200 በላይ ዘፈን ነው። ጥቂቱ ያለ ቃል በመሣሪያ ብቻ የተጫወተ ቢሆን እንኳ የቀረው ግጥም ነው። በዚያን ዘመን በስድስት ዓመት ውስጥ ይህን ያህል ሰው ግጥሙን በቃሉ የያዘለት የመጽሐፍ አሳታሚ ማን ነበር?

ከዚያ አብዮቱ መጣ። ሰዓት እላፊው የሌሊቱን ከተማ አፈነው። ዓምሃ እ.ኤ.አ. በ1975 ከሀገር ወጣ። ካሴት ደግሞ ርካሽና ለመገልበጥ የቀለለ ሆኖ ገባ፤ በዚያው ዓሥር ዓመት ማብቂያ ሸክላ ማሳተም ቀረ። ጠቅላላው ዘመን ከዓሥር ዓመት ብዙ አይበልጥም። የዘመኑም ሰዎች እያለቁ ነው፤ ዓምሃና ዓለማየሁ እ.ኤ.አ. በ2021፣ ሙሉቀን መለሰ በ2024 አርፈዋል። ስለዚህ ነገሩ «አንድ ቀን» የሚባል ቀጠሮ የሚሰጠው አይደለም።

መቂ ከዚህ ሁሉ ጋር ምን አገናኛት የሚል አይጠፋም። ሞጆ ላይ ተገንጥሎ ወደ ዝዋይ፣ ሻሸመኔና ሐዋሳ የሚወርደውን አውራ ጎዳና ያስታውሱ። ሙዚቃው ከአዲስ አበባ ይነሣ እንጂ የሚያድረው መንገድ ዳር ነው። በባቡሩ መስመር አዳማና አዋሽ ነበሩ፤ በስኳሩ በኩል ወንጂና መተሐራ፣ ደመወዝ የሚከፈልባቸው፣ ቅዳሜ ማታ የሚታወቅባቸው ሰፈሮች ነበሩ፤ በሐዋሳ መንገድ ደግሞ ቆቃ፣ ዓለም ጤና፣ መቂ። መብራት የሌለበት ቤት በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ማጫወቻ ይዞ ይጨፍር ነበር። እዚሁ መቂ ቡና ቤት የነበራቸው አንዲት አረጋዊት፣ «አዴ፣ ለሸክላ ብር ማውጣት አያሳሳም ነበር?» ብዬ ብጠይቃቸው ሳቁብኝ። «ልጄ፣ ሸክላ የሌለው ቡና ቤት ሹፌር ያቆማል እንዴ? ቢራውን የሚሸጠው ሸክላው ነው» አሉ። አዲስ ሸክላ የሚያመጣላቸው ራሱ ሹፌሩ ነበር። መርፌው ያለቀ እንደሆነም እሱኑ ያዝዙታል። በየመንደሩ የግጥም ማከፋፈያ ድርጅት የነበረው የጭነት መኪና ነው ብል አጋነንክ አትበሉኝ።

እዚህ ላይ ስለ ኦሮምኛው ሳልናገር ባልፍ ግፍ ይሆናል። በንጉሡ ዘመን በኦሮምኛ መጽሐፍና ጋዜጣ ማሳተም የማይታሰብ ነገር ነበር፤ «በሪሳ» ጋዜጣ እንኳ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ፣ ከአብዮቱ በኋላ ነው። ከድሬዳዋው የአፍረን ቀሎ ቡድን የወጣው፣ «ቢራ» የሚለውን መጠሪያ ራሱን ከመጀመሪያ ዘፈኑ ያገኘው አሊ ቢራ በኦሮምኛ ዘፍኖ ሸክላ ሲያስወጣ፣ ያ ሸክላ ዘፈን ብቻ ነበር ወይ? በቋንቋው ታትሞ በገበያ የሚሸጥ ነገር ለማየት ለናፈቀ ሰው ምን ማለት እንደነበር መገመት አያቅትም። አሊ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 እዚሁ አዳማ ውስጥ አረፈ። ሀገር በሙሉ አለቀሰ፤ ተገቢ ልቅሶ ነበር። የዚያ ዘመን የኦሮምኛ ሸክላ ግን የእሱም ሆነ የሌሎቹ፣ ከአማርኛው ይልቅ ለማግኘት የከበደ ነው፤ በየቁራሌው ግቢ ዞሬ በዓይኔ ያየሁት ይህንኑ ነው። መጀመሪያም በቁጥር ያነሰ ነበር፤ ያነሰውንም ጠባቂ አጣ።

ወደ ጆንያው ልመለስ። መቂ ከአውራ ጎዳናው ገባ ብሎ፣ ቁራሌዎች ቀኑን ሙሉ ሲዞሩ የዋሉበትን የሚያስረክቡበት ግቢ አለ። አምና ከፕላስቲክ ጠርሙሱ ክምር ሥር አንድ የሳሙና ካርቶን ሙሉ ትንንሽ ሸክላ አየሁ።

«ይሄ ስንት ነው?» አልኩት ሚዛኑን የያዘውን ወጣት።

«የቱ፣ ጋሼ?»

«ክቡ።»

«እሱማ ከፕላስቲኩ ጋር ነው፣ በኪሎ ነው የምንሸጠው። ግን ጥቁሩን አይወዱልንም። ለእርስዎ ከሆነ በቁርጥ ላድርግልዎ።»

31 ሸክላዎች ነበሩ። ሲመዘኑ አንድ ኪሎ ከሩብ ያህል ናቸው። 62 ዘፈን በአንድ ኪሎ ከሩብ! ከወረቀት ሽፋናቸው አብዛኛው ቀድሞ ወደ ቆሎ ሻጮች ሄዶ ተጠቅልሎበታል። በልጁ አልፈርድም። በሕይወቱ ማጫወቻ አይቶ አያውቅም፤ የሸጠችለትም ሴትዮ የሟች አባቷን ዕቃ ስታወጣ «ባዶ ቦታ ይያዝልኝ» ብላ ነው እንጂ ለገንዘቡ አልነበረም አለኝ። የምፈርደው ሌላ ቦታ ነው።

አንዷ ሸክላ ወረቀት ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ «የቡና ቤቱ ንብረት። አይዋስም» ተብሎ ተጽፏል። በሌላዋ ላይ፣ በጥንቃቄ በተሳለ የቁም ጽሕፈት፦ «ለእማዬ። በመጀመሪያ ደመወዜ። 1964»። ይህችን ሁለተኛዋን ከብዙ የታተመ ግጥም አስበልጬ አነባታለሁ። ደመወዙን ተቀብሎ ለእናቱ ነጠላ ወይም ስኳር መግዛት ሲችል ዘፈን የገዛ ልጅ ምን ዓይነት ልጅ ነው? እናቲቱስ ማጫወቻ ነበራት? ወይስ ሸክላዋ ግድግዳ ላይ ተሰቅላ ኖረች?

ይህንን ለአንድ የሸክላ ነጋዴ አሳየሁት። ከአዲስ አበባ እየመጣ በየከተማው የሚገዛ፣ ዕውቀቱ የሚያስቀና፣ የእያንዳንዱን ሸክላ ቁጥር በቃሉ የሚያውቅ ሰው ነው። ዘፈኗን አይቶ ዓይኑ በራ፤ ጽሕፈቱን አይቶ ፊቱ ጠቆረ። «ወንድሜ፣ ይሄማ ተጽፎበታል፤ ደረጃው ይወርዳል። በአልኮል ቀስ ብለህ ብታብሰው አንዳንዴ ይለቃል» ሲል መከረኝ። በዓለም የሰብሳቢዎች ገበያ ሕጉ እንዲያ ነው፤ ውድ የሚባለው ሸክላ ማንም ያልነካው፣ ማንም ያልጻፈበት፣ ከተቻለም ማንም ያልሰማው ነው። በመቶ የሚቆጠር ዶላር የሚወጣበት የኢትዮጵያ ሸክላ አለ፤ ዶላሩ ግን የሚከፈለው ሰው እንዳልኖረበት ለሚመስለው ነው።

የብራና መጻሕፍትን የሚያጠኑ ሰዎች ይህን ቢሰሙ ይስቃሉ። በየገዳሙ መጽሐፍ ኅዳግ ላይ የተጻፈው የመሬት ሽያጭ፣ የጋብቻ ውል፣ የድርቅ ዓመት ማስታወሻ አይደለም እንዴ ታሪካችንን ያቆየልን? አንድ ሊቅ የብራናን ኅዳግ «ቆሻሻ» ብሎ ቢፍቀው ወንጀለኛ እንለዋለን። የሸክላን ኅዳግ በአልኮል የሚያብሰውን ግን ባለሙያ አልነው። ጽሕፈቱ ከነሙሉ ታሪኩ ሸክላዋ የኖረችበትን ቤት ይናገራል። እሱ ከጠፋ የሚቀረው ድምፅ ብቻ ነው፤ ድምፁ ደግሞ ሌላም ቅጂ ላይ ሊገኝ ይችላል።

አሁን ከሁለት ወገን የሚመጣውን ጩኸት ልመልስ።

«ፈረንጅ ዘረፈን» የሚለው የመጀመሪያው ነው። ይህ ጩኸት ሲደጋገም ሰምቻለሁ፤ የሚጮኸው ሰው ቤት ግን አንድም ሸክላ አላየሁም። እስቲ እውነቱን እንነጋገር። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ የማህሙድ አህመድን ዘፈን ሰምቶ አብዶ ነው ወደ እኛ የመጣው፤ ከዚያም ከዓምሃ ጋር ተዋውሎ ከ1990ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» የተባለውን ተከታታይ አወጣ። (አሳታሚው «ቡዳ» መባሉ ለእኛ ጆሮ ጥሩ ቀልድ ነው፤ ቡዳ በላን ለሚለው ወገን ማስረጃ አይሆነውም እንጂ።) ተከታታዩ 30 ቅጽ ደርሷል። የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ እ.ኤ.አ. በ2005 በጂም ጃርሙሽ ፊልም ውስጥ ገብቶ ዓለምን ያዳረሰው በዚሁ መንገድ ነው። ጌታቸው መኩሪያ በእርጅናው አውሮፓ ውስጥ ከወጣቶች ጋር ሳክስፎን ይዞ መድረክ የወጣው ይህ በር ስለተከፈተለት ነው። እኛ የጣልነውን ሰው አንሥቶ ከባለቤቱ ጋር ከተዋዋለ፣ ዝርፊያው የቱ ላይ ነው? በየቦታው እየዞረ በርካሽ ገዝቶ በውድ የሚሸጥም አለ፤ እሱ ነጋዴ ነው፤ ነጋዴ ነግዶ ተገኘ ብሎ መጮህ አልወድም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ ከሀገር ማውጣትን ይከለክላል። ሸክላን ግን ከእኛ መካከል ቅርስ ብሎ የሚጠራት ስንቱ ነው? እኛ ራሳችን ጀሪካን መሃል የወረወርነውን ፈታሹ በሻንጣ ውስጥ አይቶ እንዲደነግጥ እንጠብቃለን።

ሁለተኛው ወገን ደግሞ ተቃራኒውን ይላል፦ «እንኳን ፈረንጅ ገዛው፤ እዚህ ቢቀር ይጠፋ ነበር፤ ደግሞም ሁሉም ዩቲዩብ ላይ አለ።» ከመጀመሪያው ይልቅ ይህኛው ያናድደኛል፤ ምክንያቱም ግማሽ እውነት አለው። አዎ፣ ድምፁ ድኗል። የዳነው ግን ምን ምኑ ነው? በፓሪስም ሆነ በቶኪዮ የሚያዳምጠው ሰው አማርኛ አይሰማም፤ የብዙነሽ በቀለ ድምፅ ለእሱ ከሳክስፎኑ ጎን የቆመ ሌላ መሣሪያ ነው። በዚህ አይወቀስም። ምርጫው ግን በዚያ ጆሮ ተመረጠ፤ ነሐሱ የደመቀው፣ ምቱ ወገብ የሚይዘው ቀደመ፤ ቅኔው የጠለቀው፣ ሰሙና ወርቁ የተዋደደው፣ ሙዚቃው ግን ለውጭ ሰው ተራ የሚመስለው በኋላ ቀረ። ለእኛ ደግሞ ብዙ ጊዜ ዋናው እሱ ነበር። ሸክላ የሁለት ፊት ዕቃ ነው። የተወደደው ዘፈን በካሴትም፣ በሲዲም፣ በስልክም ይዞራል፤ ጀርባው ላይ የነበረው፣ ሹፌሩ ካልሰከረ የማያዘው ዘፈን ግን ከሸክላው ጋር አብሮ ተቀበረ። ከ31ዶቹ መካከል የጀርባቸውን ዘፈን በየትም ፈልጌ ያጣሁት ቀላል አይደሉም።

ዩቲዩብ? ዩቲዩብ ላይ የአንዱ ዘፋኝ ስም በሌላው ድምፅ ላይ ተለጥፎ ስንት ጊዜ አየሁ። ዓመቱ «የድሮ»፣ ደራሲው «ያልታወቀ»፣ ፎቶው ከሌላ ዘመን። አንድ ቀን የጫነው ሰው ገጹን ይዘጋል፤ ያኔ «የድሮ»ውም አብሮ ይሄዳል። ቤተ መጻሕፍት እንዲህ ያለ ቦታ አይደለም።

ደራሲው ያልኩትን ላጽና፤ የዚህ ሙግት እምብርት እሱ ነውና። ከያዝኳቸው ሸክላዎች ወረቀት ላይ የዘፋኙ ስም ጎልቶ ተጽፏል። የባንዱ ስም አንዳንዴ፤ የአቀናባሪው፣ ለምሳሌ የግርማ በየነ ወይም የሙላቱ፣ ሲኖር ሲኖር። ግጥሙን የጻፈው ሰው ስም ያለባቸው ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። መጽሐፍ ላይ የገጣሚው ስም ከሁሉ በላይ ይጻፋል፤ እዚህ ላይ ገጣሚው እንደ ወዛደር ቀኑን ሠርቶ ወጥቷል። እነዚህ ሰዎች ወታደሮች፣ አስተማሪዎች፣ የጽሕፈት ቤት ሠራተኞች፣ ከበሮ መቺዎች ነበሩ። ጥቂቶቹን ጡረታ የወጡ የባንድ ሰዎች በቃላቸው ያውቋቸዋል፤ «ያንን እኮ የጻፈው እገሌ ነው» ይላሉ፤ እነሱም ሲሞቱ ስሙ ይሞታል። አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲ በሕይወት ዘመኑ፣ ከሞተም በኋላ ለወራሾቹ ለ50 ዓመት መብት ይሰጣል። ስሙ የማይታወቅ ሰው መብት ግን ማን ዘንድ ቆሞ ይጠየቃል? ሸክላዋ ፓሪስ ላይ እንደ አዲስ ብትታተም፣ ሆቴል ውስጥ ብትዘፈን፣ ማስታወቂያ ቢሠራባት፣ የገጣሚው ልጅ መቂ ውስጥ ሽንኩርት እየነቀለ አባቱ እንደጻፈው ሳያውቅ ይሰማዋል።

ስለዚህ ቁጣዬ ወደ ነጋዴውም ወደ ፈረንጁም አይደለም። ወደ እኛ ነው፤ ወደዚህ ጽሑፍ አንባቢ፣ ወደ ሥነ ጽሑፍ ወዳጁ። ስለ ግጥም ስብሰባ እንጠራራለን፤ ስለ ቤት መቺና ቤት ደፊ እንከራከራለን፤ የዘፈን ግጥም ሲነሣ ግን «እሱማ ዘፈን ነው» ብለን እናልፋለን። ወመዘክር መጽሐፍ ታትሞ ሲወጣ ቅጂ እንደሚረከብ ሁላችን እናውቃለን፤ ለአንድ መጽሐፍ ብለን ደጁን የረገጥንም ብዙ ነን። ለአንድ ሸክላ ብሎ የጠየቀ ስንት ሰው አለ? የማይጠየቅ ነገር መዝገብ አይከፈትለትም። በየዩኒቨርሲቲው ለመመረቂያ ስለ አንድ ልብ ወለድ ገጸ ባሕርያት አሳሳል መቶ ጊዜ ተጽፏል፤ የአንድ ዘፋኝን ሸክላዎች ግጥም ከነደራሲዎቹ ስም አሰባስቦ በሥርዓት ያቀረበ ሥራ ግን እስካሁን በእጄ አልገባም።

ደግሞ ሁሉ ነገር አዲስ አበባ ይሂድ አልልም። ማሰባሰብ ማለት መጫን ከሆነ ከቁራሌው የሚለየን የመኪናው መጠን ብቻ ነው። መቂ ትምህርት ቤቶች አሏት፤ አዳማ ዩኒቨርሲቲ አላት። አንድ መደርደሪያ፣ አንድ ደኅና ማጫወቻ፣ አንድ መዝገብ፣ ይህ ብዙ ነው? ሸክላ እንደ መጽሐፍ ቁሞ ነው የሚቀመጠው፤ ከተነባበረ ይጣመማል። ከፀሐይና ከአቧራ ይራቅ። ጠርዙንና መሃሉን ይዞ እንጂ ፊቱን በጣት አይነኩም። የተጻፈበትን አታብሱ፤ እንዳለ ወደ መዝገብ ገልብጡት። የገዛችሁበትን ቦታ፣ የሸጠላችሁ ሰው የነገራችሁን ጻፉ። ሙዚቃ አልወድም የሚል ካለ ሙዚቃውን ይዝለለው፤ ቃሉን ግን ይጻፈው። ከዚያ የባንዱ ሰው በሕይወት ካለ ይጠየቅ፦ ጋሼ፣ ይህን ማን ጻፈው?

እኔ ከ62ቱ እስካሁን 44ቱን ገልብጫለሁ። አንዱ አላስተኛኝም። ወረቀቱ ተልጦ ስለሄደ የዘፋኟ ስም የለም፤ ከበስተጀርባ አኮርዲዮን ይሰማል። አሰብ ለሥራ ሄዶ ስለቀረ ሰው ነው፤ የመጀመሪያው አንጓ የሰውየው ነው፣ ሦስተኛው የልጁ። ሁለተኛው አንጓ ላይ ጭረት አለ፤ መርፌው እዚያ ሲደርስ ዘሎ ሦስተኛው ላይ ያርፋል፤ በእጄ ገፋ እያደረግሁ ብሞክር ሁለት ቃል ብቻ ያዝሁ። ሴትዮዋ በዚያ መሃል ስለ ራሷ ያለችውን አልሰማሁም። የዚህች ሸክላ ሌላ ቅጂ በሞጆ፣ በወንጂ ወይም በዝዋይ በአንድ ሰው ቁም ሣጥን ላይ ይኖር ይሆናል።